የከተማ ውሃ ቦርድና የሹመት ደብዳቤው፦ ከመቱና ከጎሬ አንጻር የቀረበ ምልልስ

የከተማ መጠጥ ውሃ አገልግሎት ሲጠና ትኩረት የሚያገኙት በአብዛኛው ጉድጓዱ፣ ፓምፑ፣ የማጣሪያ ጣቢያውና የቧንቧው መስመር ሲሆኑ፣ እነዚህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ማን እንደሚመርጠው፣ ማን እንደሚቆጣጠረውና ማን እንደሚያሰናብተው የሚወስነው የአስተዳደር ክፍል ግን ከቃለ ጉባኤ መዝገብ ወጥቶ ለውይይት የሚቀርበው አልፎ አልፎ ነው። በዚህ ምልልስ ጉዳዩን የሚያነሱት ሁለት የታሰቡ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አንደኛው በሶር ወንዝ ዙሪያ ከሚገኙት የኢሉባቦር ከተሞች በአንዱ የደንበኞች ወኪል ሆነው ለውሃ አገልግሎት ቦርድ የታጩ አረጋዊ የቡና ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ የሕዝብ አስተዳደር የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው።

ነጋዴው፦ ኢሉባቦር በዝናብ እጥረት የሚታማ አገር አይደለም። ጎሬ ከኢትዮጵያ ከተሞች ከፍተኛውን ዝናብ ከሚያገኙት አንዷ ስትሆን፣ ሶር ከገባ ጋር ተቀላቅሎ፣ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን የሚወልደው ከዚሁ ምድር ተነሥቶ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በደጅ እያለፈ የከተማው ሰው ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ የቦኖ ተራ ሲጠብቅ ሲታይ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ አገር የተተረተ ይመስላል። እንግዲህ መምህርት፣ ጉድለቱ የሰማይ ካልሆነ የማን ነው?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ተረቱ ሐዘኑን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ዝናብ ያለ ሰው ድካም ይወርዳል፤ የቧንቧ ውሃ ግን ተጠልፎ፣ ተጣርቶ፣ ተገፍቶና ተለክቶ የሚሸጥ ምርት ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ገመገም ላይ የተቆረቆረች ናት፤ የቀድሞዎቹ ገዢዎች ከፍታውን ለመቀመጫነት ሲመርጡ አየሩንና መከላከያውን አይተው እንጂ የውሃ መስመር አስበው አልነበረም። እንዲህ ባለ ስፍራ ውሃ ማቅረብ ማለት ከሸለቆ ወደ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል መግፋት ማለት በመሆኑ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይደፈርሳል፤ ድፍርሱን የሚያዘቅጠው አልሙኒየም ሰልፌትና ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ከወትሮው በላይ ስለሚፈለጉ፣ ዝናብ በበዛ ቁጥር ከወንዝ የሚጠለፍ ውሃ ወጪው ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ሶር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ጣቢያ ተተክሎበታል፤ ለመብራቱ ግን ተጠሪ የሆነ አገር አቀፍ ድርጅት ሲኖር፣ የቧንቧው ውሃ ለየከተማው የተተወ ኃላፊነት ነው። የጥያቄው መነሻም እዚህ ላይ ነው።

ነጋዴው፦ ለየከተማው የተተወው ከመቼ ጀምሮ ነው? በደርግ ዘመን የቆጣሪ ደረሰኝ ላይ ይታተም የነበረው የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤት ስም መሆኑን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ።

መምህርቷ፦ ያ ትዝታ ትክክል ነው። በዚያን ዘመን የከተሞችን ውሃ ያስተዳድር የነበረው አንድ ማዕከላዊ የውሃ አቅርቦትና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 ዓ.ም. በወጣ ትእዛዝ የራሷ ባለሥልጣን ተቋቁሞላት ነበር። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሥልጣኑ ወደ ክልሎች ወረደ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ አገልግሎት ራሱን የቻለና ወጪውን ከደንበኞቹ ክፍያ የሚሸፍን እንዲሆን አቅጣጫ አስቀመጠ፤ ክልሎችም፣ ኦሮሚያን ጨምሮ፣ ይህን ተከትለው ባወጧቸው ሕጎች የከተማውን ውሃ አገልግሎት ከማዘጋጃ ቤቱ የበጀት መዝገብ አውጥተው በቦርድ የሚመራ ድርጅት አደረጉት። ቦርድ ሲባል እንግዲህ የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሠራ ሳይሆን፣ ባለቤቱ የሆነውን ሕዝብ ወክሎ ዕቅድና በጀት የሚያጸድቅ፣ ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠርና ስለ ድርጅቱ ሀብት የሚጠየቅ ጉባኤ ነው። ሐሳቡ ውሃው የሕዝብ ሆኖ እንዲቀር፣ አመራሩ ግን ከዕለቱ ፖለቲካ አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅ የሚያደርግ ነበር።

ነጋዴው፦ በወረቀት ላይ ያለው ርቀት በወንበሩ ላይ አይታይም። በተለመደው አሠራር ሰብሳቢው ከንቲባው ወይም እሱ የወከለው ሰው ነው፤ አባላቱ የፋይናንስ፣ የጤና፣ የሴቶች ጉዳይና የመሰል ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች ናቸው፤ የደንበኞች ወኪል አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጸሐፊ ሆኖ ይቀመጣል። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ከተማውን የሚያውቁ ናቸውና በዚህ ምን ክፋት አለ?

መምህርቷ፦ ሰዎቹ ላይ ክፋት የለም፤ ችግሩ የሚመጣው ወንበሩን ከያዙበት መንገድ ነው። የቦርድ አባል ሆነው የሚገቡት በሙያቸው ወይም በፈቃዳቸው ሳይሆን በያዙት ሌላ ሹመት ምክንያት ስለሆነ፣ ሹመቱ ሲቀየር የቦርድ አባልነቱም አብሮ ይሄዳል። ከንቲባው ወደ ዞን ሲዛወር፣ የጤናው ኃላፊ ለትምህርት ሲሄድ፣ የፋይናንሱ በሌላ ሲተካ፣ ባለፈው ዓመት ስለ ታሪፍ ጥናት የተወያየው ጉባኤ በዚህ ዓመት አንድም የሚያስታውስ ሰው ላይኖረው ይችላል። አዲሶቹ አባላት ጥናቱን ከመጀመሪያው እንዲሰሙ ይደረጋል፤ ሰምተው ሲጨርሱ ደግሞ የዝውውር ወራት ይደርሳል። አንድ የውሃ መስመር ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የሚዘረጋ ሲሆን፣ ስለ እሱ የሚወስነው ጉባኤ ግን የሁለት ዓመት ትዝታ እንኳ የለውም።

ከዚህ የባሰው ግን አንድ ሰው ብዙ ባርኔጣ መድፋቱ ነው። ሰብሳቢው በቦርዱ ውስጥ የድርጅቱ ጠባቂ ነው፤ በከተማው አስተዳደር ውስጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን በግምገማ የሚመዝን አለቃ ነው፤ የአስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች የውሃ ሒሳብ ሲያዘገዩ ባለዕዳው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በምርጫ ሰሞን ደግሞ ታሪፍ እንዳይነካ የሚፈልግ ፖለቲከኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያልተከፈለ ሒሳብ ዝርዝር ይዞ ሲቀርብ ከአራቱ ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ከማቅረብ ይልቅ በመሳቢያ ውስጥ ማቆየትን ይመርጣል።

ነጋዴው፦ ለከንቲባው ግን መሟገት ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ጉድጓዱ እንዲገባ የሚያስጨርሰው፣ ለማጠራቀሚያ ጋን የሚሆን መሬት የሚያስለቅቀው፣ መንገድ የሚቆፍር ተቋራጭ ቧንቧ ሲቆርጥ ማሽኑን የሚያስቆመው እሱ ነው። ከንቲባ የሌለበት ቦርድ በሚያምር ቃለ ጉባኤ ላይ ይፈርማል እንጂ አንድ ምሰሶ አያስተክልም።

መምህርቷ፦ ይህ ሙግት እውነት አለው፤ ከንቲባውን ከቦርዱ ማስወጣት መድኃኒት ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎችም በትንሽ ከተማ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም። ከንቲባው ይቀመጥ፤ ሰብሳቢነቱ እንኳ ሊቆይለት ይችላል። የቦርዱ ነጻነት የሚለካው በሰብሳቢው ማንነት ሳይሆን በአንድ ወረቀት ነው፤ ያም የሥራ አስኪያጁ የሹመት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የወጣው ቦርዱ ተሰብስቦ፣ ተወዳዳሪዎችን መርምሮ፣ በቃለ ጉባኤ ከወሰነ በኋላ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ያውቃል። ደብዳቤው ከሌላ ጽሕፈት ቤት ተጽፎ ለቦርዱ ግልባጭ ብቻ የደረሰው ከሆነ ግን፣ ቦርዱ የቱንም ያህል ቢሰበሰብ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን የሚጥለው ደብዳቤው ወደ መጣበት ነው። ሰውን የሾመው ያወርደዋልና።

የዚህ ሁሉ ግልጽ ምልክት «ተጠባባቂ» የሚለው ማዕረግ ነው። አንድ ሰው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የሚቆይበት ድርጅት አልፎ አልፎ ይታያል። ተጠባባቂ የሆነ ሰው ሕገ ወጥ መስመር አይቆርጥም፣ የማይሠራ ሠራተኛ አያሰናብትም፣ ታሪፍ ይሻሻል ብሎ አይጽፍም፤ ቋሚ ያልሆነ ሰው ጠላት ማፍራት አይችልምና። ተጠባባቂነቱን የሚያራዝሙ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ቀርተው እንደሆነ ለመቀበል ያስቸግራል።

ነጋዴው፦ በቡና መጋዘንም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመጋዘን ጠባቂውን ሌላ ሰው ከቀጠረው፣ ባለ ቡናው ቁልፉን በእጁ ቢይዝም ጆንያው መጉደሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ለቦርዱ ቢሰጥ የቦርዱ አባላት የየራሳቸውን ዘመድ ይዘው እንደማይመጡ ዋስትናው ምንድን ነው?

መምህርቷ፦ ሊመጡ ይችላሉ፤ በብዙ አገርም መጥተዋል። ስለዚህ ሥልጣኑ የሚሰጠው ከሥርዓቱ ጋር ነው። የሥራ መደቡ በይፋ ይወጣል፤ የሚጠየቀው ሙያና ልምድ ከማስታወቂያው በፊት ይጻፋል፤ ፈተናው ከከተማው ውጭ ባለ አካል ጭምር ይታያል፤ የተመረጠው ሰው ጊዜው የተወሰነ ውል ይፈርማል፤ በውሉም ውስጥ በየዓመቱ የሚመዘንባቸው ጥቂት ቁጥሮች ይገባሉ። የቦርዱም አባላት ከድርጅቱ ጋር ግዢ እንዳይፈጽሙ ይከለከላሉ። ለምሳሌ፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ወይም የወንድምዎ ልጅ የቧንቧ ዕቃ መደብር ቢኖረውና ድርጅቱ ከዚያ መደብር ቆጣሪ መግዛት ቢጀምር፣ ዋጋው ትክክል እንኳ ቢሆን ስለዚያ ግዢ በሚወያየው ስብሰባ ላይ መቀመጥ አይገባዎትም።

ነጋዴው፦ ነጋዴ በመሆን ብቻ መጠርጠር አዲስ አይደለም፤ ሕጉ የኃላፊዎቹንም ዘመዶች የሚመለከት ከሆነ ግን ቅሬታ የለም።

መምህርቷ፦ ሁሉንም ይመለከታል። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባው የቆመ አካል ሲኖረው የሚሆነውን ለማየት የካምቦዲያን ዋና ከተማ የፕኖም ፔንን ታሪክ መጥቀስ ይጠቅማል። ኤክ ሶን ቻን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1993 የከተማዋን የውሃ ባለሥልጣን ሲረከብ፣ ከሚመረተው ውሃ 72 በመቶ ያህሉ ሳይከፈልበት ይጠፋ ነበር። ይህ ዓይነቱ ኪሳራ «ከገቢ ውጭ የሆነ ውሃ» ይባላል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ የሚያፈሰውን፣ በሕገ ወጥ ቅጥያ የሚሰረቀውንና ቆጣሪ የማይመዘግበውን በአንድነት የሚያጠቃልል ነው። አንድ የጦር ጄኔራል ቤቱ ቆጣሪ እንዳይተከል ሽጉጥ አውጥቶ ሥራ አስኪያጁን ማስፈራራቱ፣ እሱም ሄዶ ከታጠቀ ፖሊስ ጋር ተመልሶ መስመሩን መቁረጡ ብዙ ጊዜ የተነገረ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕግ የራሱ አስተዳደር ያለው ሆነ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ኪሳራው ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ከታሪኩ ሰዎች የሚይዙት ሽጉጡን ነው፤ ትልቁ ነገር ግን ከድርጊቱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ከቦታው አለመነሣቱ ነው። ሽጉጥ የያዘ ጄኔራል በሌለበት በትንሽ ከተማም ቢሆን፣ የአንድ ባለሥልጣን ወይም የአንድ ትልቅ ሆቴል መስመር በተቆረጠ ማግስት የሚመጣውን የስልክ ጥሪ የሚመልሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ነጋዴው፦ ወደ ሠራተኛው ጉዳይ መምጣት ይገባል። ከደንበኛ ዓይን የሚታየው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ወደ ቢሮው የሄደ ሰው ወንበሮቹን ሁሉ ተይዘው ያገኛል፤ መንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ ግን ለሳምንት የሚጠግነው አጥቶ ይፈሳል። ሠራተኛው በዝቷል ወይስ አንሷል?

መምህርቷ፦ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በውሃ ድርጅቶች ዘንድ የሚታወቅ አንድ መለኪያ አለ፤ ለ1,000 ደንበኞች ስንት ሠራተኛ አለ የሚል ነው። በደንብ የሚሠሩ ድርጅቶች ከ5 ያነሰ ሲያሳዩ፣ የኡጋንዳው ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ከ30 በላይ ነበረው፤ ዊልያም ሙሃይርዌ የተባለው ዋና ሥራ አስኪያጅ ከመጣ በኋላ በመቶ ቀናት ዕቅድ ተጀምሮ፣ ቅርንጫፎች ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የአፈጻጸም ውል እየፈረሙ፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ10 በታች ወረደ። ይሁንና ይህ ቁጥር ለትንሽ ከተማ ሲሠራበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። 2,000 ደንበኛ ያለው ድርጅት 20 ሠራተኛ ቢኖረው መለኪያው 10 ይሆናል፤ ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ፓምፑ ሌት ተቀን የሚጠበቅ ከሆነ ለአንድ ጣቢያ ብቻ በፈረቃ ሦስት ወይም አራት ኦፕሬተር ያስፈልጋል፤ ይህን ቁጥር የደንበኛው ማነስ አይቀንሰውም። ስለዚህ ከድምሩ ይልቅ ክፍፍሉ ይታይ፤ ከ20ው ስንቱ ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብ ቤት፣ ሹፌርና ጥበቃ ነው፣ ስንቱስ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሽያን፣ ኦፕሬተርና ቆጣሪ አንባቢ ነው?

ቆጣሪ አንባቢው በተለይ በዚህ ክፍፍል ውስጥ የተናቀው ሰው ነው። በኢሉባቦር ክረምት ሜዳው ጭቃ፣ አጥሩ እርጥብ፣ የቆጣሪው መስታወት ከውስጥ በላብ የተሸፈነ ነው፤ ክዳኑ በሣር ተውጦ ይገኛል፤ ግቢውም ውሻ አለበት። ጫማና የዝናብ ካፖርት ያልተሰጠው፣ ደመወዙም ከሁሉም ዝቅ ያለው ይህ ሰው አንዳንዱን ቤት ሳይደርስ ያለፈውን ወር ቁጥር አይቶ በግምት ቢሞላ ማን ያውቅበታል? በግምት የተሞላው ቁጥር ደረሰኝ ሆኖ ይወጣል፤ ደንበኛው ሳይጠቀም የተጠየቀ ሲመስለው አልከፍልም ይላል፤ በሌላ ቤት ደግሞ ከልክ በላይ የፈሰሰው ሳይጻፍ ይቀራል። የድርጅቱ ገቢ የሚጀምረው ከገንዘብ ያዡ መስኮት ሳይሆን ከዚህ ሰው ደብተር ሆኖ ሳለ፣ መደቡ ሌላ ሥራ ላልተገኘለት የሚሰጥ መሸጋገሪያ ተደርጎ ይታያል።

ነጋዴው፦ የፓምፑስ ጠባቂ?

መምህርቷ፦ እሱም እንዲሁ ነው። በፓምፕ ቤት ግድግዳ ላይ ወይም በጠረጴዛው ላይ አንድ መዝገብ መኖር አለበት፤ ሞተሩ ስንት ሰዓት ተነሣ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ቮልቴጁ ስንት ነበር፣ አምፔሩ ስንት፣ ዋናው ቆጣሪ ምን አነበበ የሚሉ ረድፎች ያሉት። አምፔሩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ከፍ እያለ ሲሄድ ሞተሩ ሊቃጠል እየተቃረበ እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡን የሚያነብ ሰው ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ሞተሩ የሚሞትበት ቀን ድንገተኛ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግዢው በአስቸኳይ ይፈጸማል፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ ከተማው ይጠማል፤ ቦርዱም ስለ አስቸኳይ ግዢው ስብሰባ ይጠራል። የኦፕሬተሩን ሥልጠናና የቀን ማስታወሻ ቀድሞ የጠየቀ ቦርድ ያን ስብሰባ ባልጠራ ነበር።

ነጋዴው፦ ሰው ቢሠለጥን አይቆይም። ከቴክኒክና ሙያ የወጣው ወጣት እጁን አሟሽቶ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም ሲችል፣ ወደ ተቋራጭ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መሐንዲስማ እንደ ሁሩሙ ወይም ቡሬ ባለ የኢሉባቦር ትንሽ ከተማ ተቀመጥ ቢባል ደመወዙ ከየት ይመጣል?

መምህርቷ፦ የሥልጠና ተቋም በአገሪቱ ጠፍቶ አይደለም። የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ መሐንዲሶችን ሲያፈራ ቆይቷል፤ በጃፓን ድጋፍ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው ማሠልጠኛም ኋላ የኢትዮጵያ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ያስቸገረው የተማረውን ሰው ማቆየት ነው። በመጀመሪያ፣ ድርጅቱ በሕግ ከማዘጋጃ ቤት ተለይቶ እያለ የደመወዝ ስኬሉን ከአስተዳደሩ ሠራተኞች እኩል እንዲይዝ ሲገደድ፣ ሌሊት ፓምፕ የሚጠብቅ ኤሌክትሪሽያን ቀን ጽሑፍ ከሚያዘጋጅ ሠራተኛ ያልተሻለ ይከፈለዋል። ቦርድ የራሱን የሥራ መደብና የደመወዝ ጥናት አጽድቆ በሥራ ላይ ካላዋለ የቅጥር ሥልጣን አለው ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ ከተሞቹ ሰው እንዲጋሩ ነው። መቱና ጎሬ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ሁሩሙም ከመቱ ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው መሐንዲስ፣ የውስጥ ኦዲተርና የላቦራቶሪ ባለሙያ መቅጠር አይችልም፤ ሦስት አራት ከተሞች ወጪውን ተካፍለው ግን ይችላሉ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የትናንሽ ከተሞችን የውሃ ተቋማት በክልል በተደራጁ የጋራ ባለሥልጣናት ሥር ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ይህ አሠራር ለእኩል ከተሞች የሚመችውን ያህል ትልቁ ትንሹን በሚውጥበት ስፍራ አለመመቸቱ ነው፤ የጎሬ ሰው የመቱ መሐንዲስ ለጎሬ ሞተር በጊዜ እንደሚደርስ የሚያምነው በውል የተጻፈ የጉብኝት ቀን ሲኖር ነው። ጎሬ የኢሉባቦርን ዋና ከተማነት ለመቱ መልቀቋን የማይረሱ ሰዎች ስላሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነጋዴው፦ ስለ ታሪፍስ? ደመወዙም፣ ጫማውም፣ ሞተሩም በመጨረሻ የሚወድቀው በከፋዩ ላይ ነው። ከቦኖ በጀሪካን የሚቀዳ ድኻ ምን ጨመረ?

መምህርቷ፦ ታሪፍ ማለት በሜትር ኩብ፣ ማለትም በ1,000 ሊትር፣ የሚከፈል ዋጋ ነው። በፖሊሲው መሠረት የገጠር ውሃ ተቋም የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን ሲሸፍን፣ የከተማው ግን ሙሉ ወጪውን እንዲመልስ ይጠበቃል፤ በዚህ ውስጥ የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም ያረጀውን ፓምፕና ቧንቧ ለመተካት በየዓመቱ የሚቀመጥ ገንዘብ ይካተታል። የውሃ ልማት ፈንድም ለከተሞች የሚሰጠው ብድር ነውና የሚመለሰው ከዚሁ ገቢ ነው። ድኻውን ለመጠበቅ የሚያገለግለው ዋጋውን ለሁሉም ማርከስ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኩቦች በዝቅተኛ ዋጋ፣ ብዙ የሚጠቀመው በከፍተኛ ዋጋ እንዲከፍል የሚያደርግ የደረጃ ታሪፍ ነው። ታሪፉ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር የሚጠቀመው ሰፊ ግቢ ያለው ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ከሻጭ በጀሪካን የሚገዛው ድኻ በሊትር ከእሱ ብዙ እጥፍ ይከፍላልና።

ነጋዴው፦ ብዙ ቦርድ ግን ታሪፉን መንካት አይወድም።

መምህርቷ፦ በሹመት የመጣ ቦርድ የሹመቱን ዕድሜ ያህል ብቻ ስለሚያስብ ነው። ለዚህ ነው የአባልነት ዘመን በሕግ ተወስኖ፣ የአባላቱም ዘመን በአንድ ጊዜ እንዳያልቅ ተፈራርቆ እንዲሆን የሚመከረው፤ ግማሹ ሲወጣ ግማሹ የጀመረውን ያስታውሳል። ከሹመኞች ውጭ የሆኑት ወንበሮች፣ ማለትም የደንበኞች ወኪል፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ውሃ የመቅዳቱን ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ወኪል፣ ከመሥሪያ ቤት ዝውውር ጋር ስለማይነሡ የቦርዱን ትዝታ የሚይዙት እነሱ ናቸው። መቱ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቧ ከ30,000 በታች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፣ የመቱ ካርል ሆስፒታልም ከዞኑ አልፎ ለሚመጣ ሕመምተኛ ያገለግላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ለከተሞች የወጣው መመዘኛ ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር፣ ከዚያ ለሚያንሰው 40 ሊትር፣ ለገጠር 25 ሊትር ነበር። ይህን ቁጥር አሥር ዓመት የሚከታተል ሰው በቦርዱ ውስጥ ከሌለ ማን ይከታተለዋል?

ነጋዴው፦ እጩነቱ ከጸደቀ በመጀመሪያው ስብሰባ ምን መጠየቅ ይገባል? ንግግር ማድረግ ለሹመኞቹ ይቅር።

መምህርቷ፦ ወረቀት መጠየቅ ይበቃል። የድርጅቱ መቋቋሚያ ሕግና ደንብ በእጅ መሆን አለበት፤ ካለፉት ስድስት ወራት በየወሩ ምን ያህል ሜትር ኩብ ተመረተ፣ ስንቱስ በደረሰኝ ተሸጠ የሚል አንድ ገጽ ይቅረብ፤ 1,000 ተመርቶ 600 ከተሸጠ 40 በመቶው የት እንደሄደ የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋል። የሠራተኛ ዝርዝር ከነመደቡና ከነክፍት ቦታው ይታይ። ያልከፈሉ ደንበኞች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግለሰቦች ተለይተው፣ በዕዳቸው መጠን ተደርድረው ይቅረቡ። ከሁሉም በፊት ግን የሥራ አስኪያጁ የሹመት ደብዳቤ ይነበብ፤ ማን ጻፈው፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ መሠረት፣ ለስንት ዓመት?

ነጋዴው፦ ደብዳቤው ከቦርዱ ያልወጣ ሆኖ ቢገኝ ወንበሩን መተው አይሻልም?

መምህርቷ፦ አይተዉት፣ ጋሼ። እርስዎ ሲለቁ ወንበሩ ለሌላ ሹመኛ ይሰጣል። ሥራ አስኪያጁን የማይቀጥርና የማያሰናብት ጉባኤ በስሙ ቦርድ ይባል እንጂ በሥራው አማካሪ ኮሚቴ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ ሥልጣኑ በሕጉ መሠረት እንዲመለስ የውሳኔ ሐሳብ ያቅርቡ፤ ሐሳቡ በድምፅ ቢሸነፍ እንኳ የተቃወሙበት ምክንያት በስምዎ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ ያድርጉ፤ በሚቀጥለውም ስብሰባ እንደገና አጀንዳ ያስይዙት።